ከበሮ ድምፁ እንዳይወርድ ምን እናድርግ?

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው የከበሮና የድራም አያያዝን ነው። ሠርግም ይሁን በዓል፣ መዝሙርም ይሁን መንዙማ ያለ ከበሮ አይደምቅም። በስደት ላይ ደግሞ አንድ ከበሮ የብዙ ቤተሰብ መገልገያ ነው፤ ቢቀደድ ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አያያዙን ማወቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከበሮ ሲሠራ ቆዳው የሚወጠረው እርጥብ ሳለ ነው። ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠብቃል፤ ጥሩ ድምፅ የሚገኘውም ከዚሁ ውጥረት ነው። ይሁን እንጂ ቆዳ ከደረቀም በኋላ ከአየር ውስጥ እርጥበት መምጠጡን አይተውም። እርጥበት ሲገባው ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሲደርቅ ይከራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ከመጠን በላይ ከደረቀ ግን ይሰነጠቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ጅቡቲ ከተማ ባሕር ዳር ናት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት በከተማዋ እርጥበት ይበዛል። በበጋው ሐሩር ደግሞ ኻምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ይነሣል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በመሆኑም አንዱ ከበሮ በአንድ ወቅት ይላላል፣ በሌላው ወቅት ይከራል። አሊ አዴና ሆል ሆል ከባሕር ራቅ ያሉ በመሆናቸው፣ ከዚያ ለሠርግ ወደ ከተማ የተወሰደ ከበሮ በአንድ ምሽት ድምፁ ቢለወጥ አያስገርምም።

ከበሮው ሲላላ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ነገር አጥብቆ መምታት ወይም እሳት አጠገብ መደቀን ነው። የመጀመሪያው እጅን ይጎዳል፣ ሁለተኛው ቆዳውን ይቀዳል። ጉድለቱ ከመቺው ሳይሆን ከአየሩ ስለሆነ መፍትሔውም አየሩን መጠበቅ ነው።

ለቆዳ ከበሮ

1. ከመመታቱ በፊት ለስለስ ባለ የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ ሁለቱንም ፊት እያገላበጥን እናሙቀው። ሌሊት ከሆነ ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርገን እንያዘው። እጃችንን ከቆዳው አጠገብ እናድርግ፤ እጅ የማይችለውን ሙቀት ቆዳም አይችለውም።

2. እያሞቅን በየጊዜው በጣት መታ መታ እያደረግን እናዳምጥ። ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ጥርት አድርጎ ሲሰጥ ማሞቁን እናቁም።

3. ላብና የባሕር ነፋስ በቆዳው ላይ ጨው ይተዋሉ። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ከተመታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ እንጥረገው።

4. ቅቤ ወይም ዘይት አንቀባው። ቆዳውን አለስልሶ ያላላዋልና።

5. በላስቲክ አንጠቅልለው፤ ላስቲክ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። በጥጥ ጨርቅ ሸፍነን ከመሬት ከፍ አድርገን እናስቀምጠው። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተጠግቶ መሰቀልም፣ የአየር ማቀዝቀዣ ፊት መቀመጥም አይስማማውም።

6. ወደ ሌላ ቦታ የምንወስደው ከሆነ ቀደም ብለን እናድርሰው። አየሩን ከለመደ በኋላ ድምፁን ማስተካከል ይቀላል።

ለዘመናዊ ድራም

ቀድሞ የድራም ፊትም የጥጃ ቆዳ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 አሜሪካዊው ድራም መቺ ሬሞ ቤሊ የፕላስቲክ ፊት የሚያመርት ኩባንያ አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩ በዓለም ተስፋፋ። ፕላስቲክ እርጥበት አይጠጣም፤ ሙቀት ግን ያላላዋል። ብሎኖቹም በምት ብዛት ይላላሉ፣ ጨዋማው የባሕር አየርም ያዝጋቸዋል።

ብሎኖቹን ስናጠብቅ በዙሪያው ተራ በተራ መሄድ የለብንም፤ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ይሳባልና። አንዱን ጥቂት አዙረን ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን እናዙር። ከዚያም ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብለን በየብሎኑ አጠገብ መታ እያደረግን እናወዳድር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። አንዱ ከቀጠነ በመጀመሪያ ዝቅ እናድርገውና እንደገና ወደ ላይ እናምጣው፤ እንዲህ ሲሆን ቶሎ አይላላም። በብሎኑ ጥርስ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ዝገትን ይከላከላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አንተወው። ፊቱ ከተጎደጎደ ግን ብናጠብቀውም ስለማይረጋ መለወጥ አለበት።

ከበሮ የጋራ ሲሆን ጠባቂ ያጣል፤ ሁሉም ይመታዋል፣ የሚጠርገው ግን የለም። ስለዚህ በየአካባቢው ከበሮውን የሚረከብ አንድ ሰው ብንመርጥ ዕድሜው ይረዝማል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቆዳ ከበሮ በጅቡቲ ከተማ የሚላላው ለምንድን ነው?
2. ከበሮን በላስቲክ መጠቅለል ምን ጉዳት አለው?
3. የድራም ብሎን ፊት ለፊት እያፈራረቁ የሚጠብቀው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችን ያለውን ከበሮ የሚጠብቀው ማን ነው?