ሕፃናት ላሉት ቤተ ሰብ የሚስማማ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ለንግድ ሥራ ከሚጠቅሙት ዕውቀቶች አንዱ፥ የሚሸጠው ዕቃ ገዢው ቤት ከገባ በኋላ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በመኪና ንግድ ነው። ሳሙና የገዛ ሰው ባይስማማው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዓይነት ይገዛል፤ ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ግን ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ መኪና ከገዛ በኋላ ስሕተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ሻጩ፥ እንዲህ ያለውን ደንበኛ በሚገባ ለመምራት ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባዋል፤ እነርሱም ወጪው፥ ስፋቱና የሕፃናቱ ደኅንነት ናቸው።

ስለ ወጪ

ደንበኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው የመግዣውን ዋጋ ነው። ነገር ግን የመኪና ዋጋ ሁለት ነው፤ አንደኛው በግዢው ቀን የሚከፈለው፥ ሁለተኛው መኪናው በተነዳ ቁጥር የሚከፈለው ነው። ለምሳሌ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፥ በዓመት 300 ቀን የሚነዳ ሰው 12,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ለዚህ ጉዞ 720 ሊትር ሲበቃው፥ 10 ሊትር የሚጠጣው ግን 1,200 ሊትር ይፈልጋል። ልዩነቱ በዓመት 480 ሊትር፥ በ5 ዓመት 2,400 ሊትር ነው። ይህን ቍጥር በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ አባዝቶ ለደንበኛው ማሳየት የሻጩ ፋንታ ነው፤ በግዢው ቀን ርካሽ የመሰለው መኪና ውድ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ሒሳብ ነውና።

ከነዳጁ ቀጥሎ የመለዋወጫው ጉዳይ አለ። ቶዮታ ቪትስ በአዲስ አበባ ተወዳጅ የሆነችው በ1 ሊትርና በ1.3 ሊትር ሞተሯ ቍጠባ ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫዋ በየሱቁ ስለሚገኝና ጠባይዋን የማያውቅ መካኒክ ስለሌለም ነው። መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ለወራት የሚቆም መኪና፥ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስለት ላጣ አባት ቍጠባ አይባልም።

ይሁን እንጂ ትንሽ ሞተር ለሁሉም ቦታ ይስማማል ማለት አይደለም። አየር በከፍታ ቦታ ስለሚሳሳ፥ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ 10 እጅ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፥ በዚህች ከተማ የሚነዳ ሞተር ሩብ ያህል ኃይሉ ጐድሎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ወደ እንጦጦ ግድም የሆነ ደንበኛ፥ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት መላ ቤተ ሰቡን ጭኖ ዳገቱን ቢሞክር ይበጀዋል።

በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ መኪናዎች

መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ የቤተ ሰብ መኪና የሚመርጥ ሰው ስለ ባትሪም መማር ግድ ሆኖበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው በከፍታ ኃይሉ አይቀንስም፤ ቍልቍለት ሲወርድም ለባትሪው ጥቂት ኃይል ይመልሳል። በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚወስድ መኪና፥ ከላይ ለተጠቀሰው የ40 ኪሎ ሜትር የቀን ጉዞ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ይህም 2 ኪሎ ዋት በሚሰጥ በተራ የቤት ሶኬት በ3 ሰዓት የሚሞላ ነው። ስለዚህ በከተማ ብቻ ለሚኖር ቤተ ሰብ፥ በትልቅ ባትሪ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም።

ነገር ግን ሻጩ ደንበኛውን ሁለት ጥያቄ ሳይጠይቅ ሊሸጥለት አይገባም። አንደኛው፥ መኪናውን ሌሊት የሚያቆምበትና ኤሌክትሪክ የሚስብበት ግቢ አለው ወይ? በኪራይ ቤት የሚኖርና ቆጣሪውን ከጎረቤት ጋር የሚጋራ ሰው ይህን ቀድሞ ከአከራዩ ጋር መስማማት አለበት። ሁለተኛው፥ ወደ ክፍለ ሀገር ይመላለሳል ወይ? በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ርቀት በሙከራ የተገኘ ስለ ሆነ፥ በፍጥነትና በሙሉ ጭነት ሲነዱ ከዚያ ያነሰ እንደሚሆን አስቀድሞ መንገር የታማኝ ነጋዴ ሥራ ነው።

ስለ ስፋት

የመኪና ርዝመትና የውስጡ ስፋት አንድ አይደለም። ፊያት በ1956 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ያወጣው 600 ሙልቲፕላ፥ ርዝመቱ 3 ሜትር ተኩል ገደማ፥ ሞተሩም 633 ሲሲ ብቻ ሲሆን 6 ሰው ይይዝ ነበር። በአንጻሩ በ2023 (በአውሮጳ አቆጣጠር) የወጣችው ቢ.ዋይ.ዲ. ሲጋል 3.78 ሜትር ስትረዝም፥ ለቻይና ገበያ የተሠራችው የተፈቀደላት ለ4 ሰው ነው። ለአባት፥ ለእናትና ለሁለት ልጆች ጥሩና ቆጣቢ መኪና ናት፤ ሦስተኛ ልጅ ላላቸው ግን፥ ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢስማማ፥ ልጁ የሚታሰርበት ቦታ የላትም። ስለዚህ የልጆቹን ቍጥር መጠየቅ ከዋጋው መቅደም አለበት።

ስለ ሕፃናት ደኅንነት

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር በሚጋጭ መኪና ውስጥ ያልታሰረ ሕፃን የሚደርስበት ምት፥ ከ10 ሜትር ከፍታ፥ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ የመውደቅ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ በእናቱ ክንድ ላይ 200 ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ ልጇን አጥብቃ ብታቅፍም ልትይዘው አትችልም። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግምት፥ በሚገባ የታሰረ የሕፃን መቀመጫ ከአንድ ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሞትን አደጋ ከመቶ 71 እጅ፥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ከመቶ 54 እጅ ይቀንሳል።

ስለዚህ መኪናው ሲመረጥ በኋላ ወንበር ላይ የሚከተሉት ይመርመሩ፤ አይሶፊክስ የተባለው የሕፃን መቀመጫ ማሰሪያ ብረት መኖሩ፤ የመካከለኛው መቀመጫ ቀበቶ ወገብን ብቻ ሳይሆን ትከሻንም የሚይዝ መሆኑ፤ ልጅ በሩን ከውስጥ እንዳይከፍት የሚያደርገው መቆለፊያ መሥራቱ። ጨቅላ ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ አለበት፤ አር 129 የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ይህን ቢያንስ እስከ 15 ወር ያዝዛል። እንዲህ ያለውን መቀመጫ ኤርባጉ ባልተዘጋ የፊት ወንበር ላይ ማሰር ግን ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው።

ያገለገለ መኪና ከሆነ፥ ቀለሙና ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አያታልሉ። ቀበቶዎቹ ተጐትተው ይፈተሹ፤ የኤርባጉ መብራት ሞተሩ ሲነሣ በርቶ መጥፋቱ ይታይ፤ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ እንደ ሆነም ሥራው በዐዋቂ ይመርመር።

ለነጋዴው የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሁሉ ነጋዴው የሚማረው ነገር አለ። የቤተ ሰብ መኪና የሚያመጣ አስመጪ፥ የሕፃን መቀመጫም አብሮ ቢያመጣ ለራሱ አዲስ ገበያ፥ ለደንበኛው ደኅንነት ያገኛል። ባለ ሱቁም አር 44 ወይም አር 129 የሚል ምልክት የሌለበትን መቀመጫ ባይቀበል፥ ግጭት ይድረስበት አይድረስበት ያልታወቀውን አሮጌ መቀመጫም ባይሸጥ መልካም ነው። ስንጥቁ ከጨርቁ ሥር ተሰውሮ የአደጋው ዕለት ይገለጣልና።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሻጩ ደንበኛውን ሳያስቸኵል፥ ልጆቹን አስመጥቶ በኋላ ወንበር ካስቀመጠና ቀበቶውን ካሰረላቸው በኋላ ስለ ዋጋ ቢነጋገር፥ ያ ደንበኛ ወንድሙንና ጎረቤቱን ይዞ ይመለሳል።