ስኳር ያለበት ሰው ስለ ለስላሳ ግብር ምን ይላል?

እኛ ሁለተኛ ዓመቶች በዜና አዘጋገብ ኮርስ ላይ ዘወትር የሚነገረን አንድ ነገር አለ፦ «የጉዳዩን ባለቤት ጠይቁ»። እኔም ይህን በለስላሳ መጠጥ ግብር ላይ ልሞክረው አልኩ። ስለ ግብሩ ሲወራ የሚናገሩት ገቢ ሰብሳቢው፣ ፋብሪካውና ሐኪሙ ናቸው። የስኳር ሕመምተኛው ስሙ ይነሳል እንጂ ሲጠየቅ ብዙም አይሰማም።

ነገሩን የጀመርኩት ከቤቴ ነው። አክስቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። አንድ ቀን ላብ በላብ ሆና፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ «ለስላሳ ስጠኝ» አለችኝ። እኔም አዋቂ ሆኜ «ስኳር እያለብሽ?» ብዬ ውሃ አቀረብኩላት! ደግነቱ ጎረቤታችን ደረሰች። እሷም ስኳር ስላለባት ምልክቱን ታውቀዋለች፤ ቶሎ ለስላሳ ከፍታ አጠጣቻት። ለካስ ስኳሯ ወርዶ ኖሯል። እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው ምግብ ካዘገየ ወይም ብዙ ከደከመ በደሙ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ መዋጥ እስከቻለ ድረስ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይወስዳል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና ይለካል። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም አካባቢ ስኳር ባለው ለስላሳ ሲሰላ 150 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የትንሿ ጠርሙስ ግማሽ መሆኑ ነው። በሌላ ቀን ግን ሙሉዋ ጠርሙስ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ስለምትይዝ ለዚያው ሰው ጎጂ ናት።

ታዲያ ስለ ግብሩ ምን ይላሉ? አክስቴ «ለእኔ መድኃኒቴ ነው፣ ለምን ይወደድብኛል?» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ይወደድ ባይ ናት። ለቅሶም ሆነ ክርስትና ስትሄድ ለስላሳ ይቀርብላታል፤ እምቢ ካለች ሰው ይቀየማል፣ ሕመሟን ልትናገር ደግሞ ታፍራለች። ሦስተኛው፣ ስኳር ያለበት ባለሱቅ፣ «ውሃው ከለስላሳው እኩል እየተሸጠ ግብር ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሦስት ሰው ሕዝብ አይደለም፤ ቢሆንም ሦስቱም ያነሱት ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ወደ ሌላው ዓለም ስንሄድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ዋጋውን 20 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያስወድድ ግብር ፍጆታውን እንደሚቀንስ አስታውቋል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 በሊትር አንድ ፔሶ ጥላ፣ በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በአማካይ 6 በመቶ ቀንሷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ስትጀምር የጣለችው እንደ ስኳሩ መጠን ነበር፦ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ላለው 18 ፔንስ በሊትር፣ 8 ግራምና ከዚያ በላይ ላለው 24 ፔንስ። ፋብሪካዎችም ግብሩን ለማምለጥ ስኳሩን ቀነሱ። ሉኮዜድ የተባለው መጠጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ17 ግራም ወደ 9 ግራም አካባቢ ወረደ። ለብዙው ሕዝብ ይህ መልካም ዜና ነው። ስኳሩ ሲወርድበት ሉኮዜድ ይጠጣ ለነበረ ሰው ግን 90 ሚሊ ሊትር ይበቃው የነበረው 170 አካባቢ ሆነበት። የስኳር ሕመምተኞች ማኅበሩ ግብሩን ደግፎ፣ አባላቱን ግን «ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ» እያለ ማስጠንቀቅ ነበረበት።

በአገራችን በ1186/2012 አዋጅ የኤክሳይስ ታክሱ በለስላሳ ላይ የሚሰላው ከዋጋው በመቶኛ ነው። በእኔ አስተያየት በስኳሩ ግራም ቢሰላ ፋብሪካውን ስኳር እንዲቀንስ ይገፋፋዋል። ይህ ሲሆን ግን የባለሱቁ ውሃ መርከስ አለበት። የአክስቴ ጉዳይ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ተራ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አለ፤ የምቋጥርላትም እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ነገ ሪፖርተር ሆናችሁ ስለ ግብር ስትዘግቡ ለሕመምተኛው ማይክራፎኑን አቅርቡለት። የማናውቀውን የሚያውቀው እሱ ነው። ቸር ይግጠመን!