አየር የሚጫን ለመሆኑ ምስክሩ ምንድር ነው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአምስተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የለውም፤ አየር እንደሚጫን ለተማሪዎቼ በምን ላሳያቸው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ በዓይን የማይታየው ረቂቁ አየር ግዙፉን ውኃ ተሸክሞ ለማቆም መቻሉን በቃል ከማስረዳት ይልቅ፣ የፕላስቲክ ብርጭቆ ውኃ እስከ አፉ ሞልተው፣ በጠንካራ ወረቀት ከድነው፣ በመዳፍዎ ደግፈው ከገለበጡት በኋላ እጅዎን ቀስ ብለው ቢያነሡ፣ ውኃው ሳይፈስ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ከብዙ ትርጓሜ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ አስተዋይ ተማሪ «ወረቀቱን ያጣበቀው ውኃው ራሱ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ እንዲህ የሚል ልጅ ሊመሰገን እንጂ ሊገሠጽ አይገባም። አስቀድመው የብርጭቆውን መቀመጫ በምስማር በስተው፣ ቀዳዳውን በልጁ ጣት አስደፍነው ሙከራውን ይድገሙት፤ ጣቱን ባነሣ ጊዜ አየር ከላይም ገብቶ ስለሚጫን ወረቀቱና ውኃው በአንድነት ይወድቃሉ።

ኢጣሊያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 ዓ.ም. በታወቀው ሐሳቡ እንዳስረዳው፣ አየር በባሕር ጠረፍ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ሜርኩሪን፣ ውኃ ከሆነም 10 ሜትር ያህል ደግፎ ያቆማል፤ ስለዚህ የብርጭቆ ውኃ ምንም አይከብደውም። በከፍታችን ምክንያት የእኛ አየር ጫናው ስለሚያንስ፣ በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞሜትር ቢገኝ ይህንንም ያሳዩአቸው።

ከሥር ሳፋ ማኖርን አይርሱ፤ ክፍል ከመግባትዎም በፊት ለብቻዎ ይሞክሩት።