ከማክሰኝት ወደ ጥምቀተ ባሕር

የጎንደርን ጥምቀት ሊያይ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሊሰማ የሚመጣው ጥቂት። ይህ ጽሑፍ ለጥቂቶቹ ነው።

በበዓሉ ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ፈተና ስለሆነ ጥር 9 ማክሰኝት ይደሩ። ከተማዋ በባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ላይ ናት፤ ለጎንደር የሚቀራት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሰላም አስቀድመው ይጠይቁና በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ይሳፈሩ፤ ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ሲወጡ መኪና ማለፊያ የለውም። ዕለቱ ከተራ ነው፣ የገሃድ ጾም፤ ሥጋ ፍለጋ አይድከሙ። መንገድ ዳር የሽምብራ እሸት ካገኙ ግን አንድ እስር ይያዙ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው።

ታቦታቱ የሚያድሩት የቃሃ ወንዝ ውኃ በሚሞላው በፋሲል መዋኛ ግቢ ነው፤ የዋርካው ሥር የድንጋዩን አጥር ጨምድዶ በያዘበት። አገሩ ከፍታ ላይ ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ። ጋቢ የደረበ ማኅሌቱን እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ በስስ ጃኬት የመጣ ግን እኩለ ሌሊት ላይ አልጋውን ይናፍቃል።

ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲቆሙ በመካከላቸው አይግቡ፤ ለፎቶ ብለውም ቢሆን። ከጎን፣ መቋሚያው መሬት ሲነካ በሚሰማበት ርቀት ይቁሙ። መጀመሪያ ቁም ነው፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ቀስ ብሎ ይዘነበላል። መረግድ ላይ ከበሮው ይገባል፣ ጸናጽሉ ያጅበዋል፤ ጽፋት ሲደርስ ጭብጨባው ይፈጥናል። ዜማው አንድ ነው፣ መልኩን እየለወጠ የሚመላለሰው። ይህን የያዘ ጆሮ አይሰለችም። ይህ ሥርዓት አቋቋም ይባላል፤ የሚመሰከርበት ደብር እዚሁ ጎንደር ያለው በአታ ስለሆነ የሚሰሙት ከምንጩ ነው። ዜማውን የደረሰው ቅዱስ ያሬድም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም ተነሥቶ ዕድሜውን የጨረሰው በሰሜን ተራሮች እንደሆነ ይተረካል።

ጎህ ሲቀድ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቱም ይዘላል። ግፊያው ያኔ ነው። ለተመልካች በተሠራ የእንጨት ርብራብ ላይ አይውጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እኔ በዚያ ሰዓት ወደ ግቢው በር መጠጋትን እመርጣለሁ። ቀን የተረፈው ጥር 12 ይቆይ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት በወረብ ታጅቦ ሲመለስ፣ ከበሮውን ከኋላ እየሰሙ በእግር መከተል ይቻላል።