ሞትን አስቀድሞ ማሰብና የሚሞተውን መርዳት በቡድሂዝም ትምህርት

በግእዝ መጻሕፍቶቻችን መካከል የበረላምና የይዋሴፍ ታሪክ የሚባል አለ። የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበረው ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ከዓረብኛ የመለሰው ነው። አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ መከራ የሚባል ነገር እንዳያይ በቤተ መንግሥት ከልሎ አሳደገው። ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ድውያንን፣ በሌላ ጊዜም በእርጅና የጎበጠ ሽማግሌ አየ፤ ሞት ለእርሱም እንደማይቀር ተረዳ፤ ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ። በረላም የተባለው መናኝ ነጋዴ መስሎ ገብቶ የክርስቶስን ትምህርት ያስተማረው በዚህ ጊዜ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ይህን ታሪክ ሲመረምሩ ሥሩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ሆኖ አገኙት። ከሕንድ ተነሥቶ በማዕከላዊ እስያ አድርጎ፣ በዓረብኛ፣ በጆርጂያኛና በግሪክኛ እየተላለፈ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆኗል። በላቲን ሥርዓትም ሁለቱ ስሞች በሮማ የቅዱሳን መዝገብ ገብተው ለብዙ ዘመን ኖቬምበር 27 ቀን ይታሰቡ ነበር።

እንግዲህ ቡድሂዝም ስለ ሞት የሚለው ነገር ከአባቶቻችን ጆሮ ፈጽሞ የራቀ አልነበረም ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ በሊባኖስና በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ እኅቶቻችን ከስሪላንካ ከመጡ የቡድሂዝም ተከታዮች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። የ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ (ቁ. 2) ቡድሂዝም የዚህን ተለዋዋጭ ዓለም ጎደሎነት የተገነዘበ መሆኑን መስክሯል፤ በሌሎች ሃይማኖቶች የሚገኘውን እውነትና ቅዱስ ነገር ቤተ ክርስቲያን እንደማትጥልም አስታውቋል። በዚሁ መንፈስ ይህን ትምህርት ለምዕመናንና ለካቴኪስቶች ለማቅረብ ወደድን።

ሳይታመሙ መዘጋጀት

ቡድሃ፣ በትውልድ ስሙ ሲዳርታ ጋውታማ፣ ያስተማረው ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፤ የተገጣጠመ ሁሉ ይፈርሳል፣ የሙጥኝ ብሎ የያዘውም ይሠቃያል። ስለዚህ ሞትን ማሰብ በቡድሂዝም ዘንድ የሽማግሌና የበሽተኛ ሥራ ሳይሆን የጤነኛ ሰው የዕለት ልምምድ ነው። በፓሊ ቋንቋ «ማራናሳቲ» ይሉታል፤ ሞትን ማስታወስ ማለት ነው። በጥንታዊ መጻሕፍታቸው እንደሚነበበው መነኮሳት ይህን ልምምድ እንዴት እንደሚያደርጉ ለመምህራቸው በየተራ ይነግሩታል። አንዱ፣ አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ እንደሚኖር አስቦ እንደሚተጋ ይናገራል፤ ሌላው የአንድ ምግብ ጊዜ ይላል፤ ሌላው ጥቂት ጉርሻ። መምህሩ በእውነት የተጉ ናቸው ያላቸው ግን አንድ ጉርሻ እስኪያላምጡ፣ ወይም አንድ ጊዜ ተንፍሰው እስኪመልሱ ድረስ ብቻ እንደሚኖሩ ያሰቡትን ሁለቱን ነው።

ልጇ የሞተባት የኪሳ ጎታሚ ታሪክም በቡድሂዝም አገሮች ሁሉ የታወቀ ነው። ሬሳውን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን ቡድሃ ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት የሰናፍጭ ፍሬ እንድታመጣ ላካት። ሰናፍጭ በየቤቱ አለ፤ ሞት ያልገባበት ቤት ግን አጣች። ልጇን ቀብራ ተመለሰች። ታሪኩን ለሐዘንተኛ መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ እንደማይገባ እናስባለን፤ የሞተባት እናት ሁሉም ይሞታል በመባሏ አትጽናናም። ነገር ግን ሴቲቱ ያንን የሰማችው ከሰባኪ አፍ ሳይሆን በየደጃፉ ከቆሙ ሐዘንተኞች ነው፤ የታሪኩም ኃይል በዚህ ላይ ይመስለናል።

በበሽተኛው አልጋ አጠገብ

የመነኮሳቱ የሥርዓት መጽሐፍ ቡድሃ ከደቀ መዝሙሩ ከአናንዳ ጋር ማደሪያዎቹን ሲጎበኝ ያገኘውን አንድ በሽተኛ መነኩሴ ያስታውሳል። ሰውየው በተቅማጥ ተይዞ በገዛ እድፉ ውስጥ ወድቋል። ለማንም ምንም ረድቶ ስለማያውቅ የሚያስታምመው የለም። ቡድሃ ውሃ አስመጥቶ እርሱ አፈሰሰ፣ አናንዳ አጠበ፤ አንዱ በራሱ በኩል፣ አንዱ በእግሩ በኩል ይዘው አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያም ማኅበሩን ሰብስቦ፣ እናትና አባታችሁን ትታችሁ መጥታችኋልና እርስ በርሳችሁ ካልተረዳዳችሁ ማን ይረዳችኋል ሲል ወቀሳቸው፤ እርሱን ሊያገለግል የሚወድ በሽተኛውን እንዲያገለግልም አዘዘ። ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጋር ያለው መቀራረብ ለአንባቢ ግልጽ ነው፤ ምንም እንኳ በዚያ የሚናገረው ዳኛና ጌታ፣ በዚህ የሚናገረው መምህር ቢሆንም። ከዚያው ቀጥሎ የጥሩ አስታማሚ ጠባይ ተጽፏል፦ መድኃኒቱን ማዘጋጀት የሚችል፤ ለበሽተኛው የሚስማማውን ለይቶ የሚያቀርብና የማይስማማውን የሚያርቅ፤ ለጥቅም ሳይሆን ለርኅራኄ የሚሠራ፤ ሰገራን፣ ሽንትን፣ ምራቅንና ትውከትን የማይጸየፍ፤ በጊዜውም በመልካም ቃል በሽተኛውን ማጽናናት የሚችል። የሆስፒታል ጉብኝት የሚያደርጉ የማኅበር አባሎቻችን ይህን ዝርዝር ደጋግመው ቢያነቡት አይጎዱም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የናኩላ አባትና እናት ተብለው የሚጠሩት ባልና ሚስት ታሪክ ልባችንን ነክቶታል። ባልየው በጽኑ ታመመ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ በጭንቀት ተይዞ እንዳይሞት ትለምነዋለች። «አይዞህ፣ ትድናለህ» ብላ አታልፈውም፤ ያስጨንቀዋል ብላ የምታስበውን አንድ በአንድ እያነሣች ትመልስለታለች። ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል ብሎ ይጨነቅ እንደ ሆነ፣ ጥጥ መፍተልና ሱፍ ማበጠር እንደምታውቅ፣ ቤቱንም እንደምታቆም ትነግረዋለች። ሌላ ባል ታገባለች ብሎ ይጨነቅ እንደ ሆነ፣ 16 ዓመት በንጽሕና አብረው መኖራቸውን ታስታውሰዋለች። እምነቷን ትተዋለች ብሎ ይጨነቅ እንደ ሆነ፣ እንዲያውም ይልቅ እንደምትተጋ ታረጋግጥለታለች። ሰውየው ይህን ሲሰማ ተረጋጋ፤ በኋላም ድኖ በምርኩዝ እየተደገፈ ወደ ቡድሃ ሄደ፤ ቡድሃም እንዲህ ያለች ሚስት በማግኘቱ ዕድለኛ መሆኑን ነገረው።

ቡድሃ ራሱ በ80 ዓመቱ በኩሲናራ ሲሞት የተናገረው አንድ ነገርም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የመጨረሻውን ምግብ ያቀረበለት ቹንዳ የተባለ አንጥረኛ ነበር፤ ከምግቡ በኋላ ሕመሙ ጸና። ቹንዳ፣ በእኔ ምክንያት ሞተ እያለ እንዳይጸጸት ቃል እንዲያደርሱለት አናንዳን አዘዘው። እየሞተ ያለው ሰው ስለ ሌላው ጭንቀት አሰበ።

የጃፓን መነኮሳት ቃል ኪዳን

ቡድሂዝም ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ይህ እንክብካቤ በጃፓን የማኅበር ሥርዓት ያዘ። በዚያ የተስፋፋው ወገን አሚዳ የተባለውን ቡድሃ ስም የሚጠሩ በምዕራብ ባለው ንጹሕ ምድር ይወለዳሉ ብሎ ያምናል። በኪዮቶ አጠገብ በሂዬ ተራራ ይኖር የነበረው መነኩሴ ጌንሺን (942-1017) እ.ኤ.አ. በ985 ስለዚህ ተስፋ «ኦጆዮሹ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ የሚሞተውን እንዴት መርዳት እንደሚገባም በውስጡ ዘርዝሯል። በዓመቱ በዚያው ተራራ 25 መነኮሳት ቃል ኪዳን ገቡ። በየወሩ በ15ኛው ቀን ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲታመም ወደ ተለየ ቤት ወስደው በየተራ ያስታምሙታል፤ የአሚዳን ስም እንዲጠራ ያግዙታል፤ ሲሞትም ቀብረው ይጸልዩለታል። ከአሚዳ ምስል እጅ የተዘረጋ ባለ አምስት ቀለም ፈትል በሚሞተው እጅ የማስያዝ ልማድም በዚያ ዘመን ታውቋል።

ልብ ማለት የሚገባው ቃል ኪዳኑ የተገባው በጤናቸው ጊዜ መሆኑ ነው።

በዘመናችን ደግሞ በጃፓን ታሚያ ማሳሺ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ለቡድሂስት የሕሙማን ማረፊያ «ቪሃራ» የሚል ስም እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ቃሉ ገዳም፣ ማረፊያ ማለት ነው። «ሆስፒስ» የሚለው ከክርስቲያኖች የመጣ ስለሆነ የራሳቸውን መፈለጋቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም በናጋኦካ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የመጀመሪያው የቪሃራ ክፍል ተከፈተ። በዚያችው አገር ጀርመናዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ አልፎንስ ዴከን (1932-2020) በቶኪዮ በሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሞት ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከደረሰው የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል በኋላም በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ልዩ ሃይማኖት አገልጋዮች ሕሙማንንና ሐዘንተኞችን ለመርዳት በአንድነት የሚሠለጥኑበት ትምህርት በ2012 ተጀምሯል።

የምንለያይበት

ካቴኪስቶች ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያስተምሩት አደራ እንላለን። በቡድሂዝም ትምህርት ሰው ደጋግሞ ይወለዳል፤ የሥራውም ውጤት፣ ካርማ የሚሉት፣ ወደሚቀጥለው ልደት ይመራዋል። በብዙዎቹ ወገኖች ዘንድ በሞት ሰዓት የሚመጣው የመጨረሻ ሐሳብ ከፍ ያለ ክብደት አለው። ስለዚህ በስሪላንካ ዘመዶች የሚሞተውን ሰው መልካም ሥራ ያስታውሱታል። የጥንቱ ንጉሥ ዱታጋማኒ በሞት አልጋው ላይ የበጎ ሥራው መዝገብ እንደተነበበለትና ከብዙው ስጦታው መካከል ልቡን ያስደሰቱት በመከራው ጊዜ የሰጣቸው ሁለቱ ብቻ እንደነበሩ የአገሩ ዜና መዋዕል ይተርካል።

እኛ ግን ሰው አንድ ጊዜ እንዲሞት፣ ከዚያም በኋላ ፍርድ እንደሚጠብቀው እናምናለን (ዕብ. 9፥27)፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ዳግም በሌላ ሥጋ መወለድ እንደሌለ በግልጥ ያስተምራል (ቁ. 1013)። የምንጠብቀውም ከማንነታችን መላቀቅን ሳይሆን በስማችን የሚጠራንን ነው። ሞት ለእኛ ጠላት ነው (1ቆሮ. 15፥26)፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ስለዚህ የክርስቲያን መልካም ሞት በፊት ገጽ መረጋጋት አይለካም። የሕፃኑ ኢየሱስ ቅድስት ተሬዛ እ.ኤ.አ. በ1897 ያረፈችው በከባድ የሥጋ ሥቃይና በእምነት ጨለማ ውስጥ ነበር። አባቱ እየተወራጨ፣ ወይም እናቱ አእምሮዋን ስታ የሞተችበት ምዕመን፣ ነፍሳቸው ጠፋች ይሆን ብሎ ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ እናያለን። ለዚህ ሰው ይህ መነገር አለበት፦ የእግዚአብሔር ምሕረት በመጨረሻዋ ደቂቃ ስሜት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። የሚያስገርመው፣ በጃፓን ሺንራን (1173-1262) የተባለው መምህር ለራሱ ወገን ተመሳሳይ ነገር መናገሩ ነው፤ ያመነ ሰው የመጨረሻዋን ሰዓት በፍርሃት መጠበቅ አያስፈልገውም ሲል የሞት አልጋውን ሥርዓት ወደ ጎን ትቶታል።

በየቁምስናችን

በአገራችን ለሞተ ሰው የሚደረገው የሚያስመሰግን ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያቀርባል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀባሪው አይታጣም። ከሞት በፊት ላለው ሳምንትና ወር ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለንም። በሽተኛው የሕመሙን ስም አያውቅም፤ ሐኪሙ የነገረው ለታላቅ ወንድም ነው፤ ጠያቂው ሁሉ «ምንም አትል፣ ነገ ትነሣለህ» ብሎ ይወጣል። በሽተኛው ደግሞ የገባውን ያህል ስለገባው፣ ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ እርሱም ዝም ይላል። በዚህ መካከል ዕዳው ሳይነገር፣ የተጣላው ወንድም ሳይጠራ፣ የልጆቹ ነገር ሳይቆረጥ ይቀራል። የናኩላ እናት ያደረገችው ይህን ዝምታ መስበር ነበር።

ካህን የሚጠራውም በዚሁ ምክንያት ዘግይቶ ነው። ቀንዲል ይዘን ስንገባ «ሞቱ ታወጀ» ብለው የሚደነግጡ አሉ። የቫቲካን ጉባኤ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ (ቁ. 73) ምሥጢረ ቀንዲል በነፍስ መውጫ ላይ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ፣ በሕመም ወይም በእርጅና የሞት አደጋ ሲጀምር ጊዜው እንደደረሰ አስተምሯል። በሽተኛው እየሰማ፣ እየተናዘዘ፣ «አሜን» እያለ የሚቀበለው ምሥጢር ነው፤ ቅዱስ ቁርባንም ለመንገዱ ስንቅ እንዲሆነው መዋጥ በሚችልበት ጊዜ መድረስ አለበት። ካቴኪስቱ ከካህኑ ቀድሞ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነውና ይህን ለቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያስረዳ፣ በሽተኛውንም የሚያሳስበው ነገር ምን እንደሆነ በእርጋታ ጠይቆ ቢያዳምጥ ብዙ ነገር ይቀላል። በየቁምስናው ያሉ ማኅበራትም ከእድሩ ጎን ለጎን፣ በጤናቸው ሳሉ እርስ በርስ ለማስታመም ስለ መስማማት ቢነጋገሩ መልካም ነው። 25 ሰው ብዙ ነው፤ በአምስትና በስድስት መጀመር ይቻላል።

በሰው አገር ከቡድሂስት ጓደኛዋ አልጋ አጠገብ ለምትቀመጥ እኅታችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ጓደኛሽን እጠቢ፣ ውሃ አጠጪ፤ የምትፈልገውን ጠይቂ፤ ለቤተሰቧ ስልክ ደውዪላት፤ የሃይማኖቷን ሰው ብትጠይቅ እንዲመጣላት አድርጊ። የእነርሱን ጸሎት መድገም አይጠበቅብሽም፤ ሳትጠይቅሽም በስውር ልታጠምቂያት አይገባም። ስለ እምነትሽ ብትጠይቅሽ ግን በአጭርና በግልጥ ንገሪያት። እጇን ይዘሽ መቁጠሪያሽን በልብሽ መድገም ትችያለሽ፤ የምታለቅሺ ከሆነም አልቅሺ፣ ድምፅሽን ብቻ ዝቅ አድርጊ፤ በእርስዋ ዘንድ በዚያ ሰዓት ጸጥታ ታላቅ ስጦታ ነው።