ጋዝ አያልቅም፤ ያመልጣል

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ጋራዡ በር ላይ ቆመህ ለአንድ የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሾፌር «የኤሲው ጋዝ አልቋል፣ እንሞላልሃለን» ስትለው ሰማሁህ። ሰውየው ከፈለ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ነዳ። አንተም ደስ አለህ። እኔ ጥላው ሥር ሻዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ ተለማማጅ በደንበኛ ፊት አይገሠጽም። አሁን ግን የማውቀውን ልንገርህ። በቃል ብነግርህ በበርጫ ሰዓት ከጫቱ ጋር አላምጠህ ትተፋዋለህና ጻፍኩልህ።

1. ጋዝ አያልቅም። ናፍጣ ይነዳል፣ የፍሬን ሸራ ይበላል፣ ጎማ ይሳሳል። የኤሲ ጋዝ ግን ያው ራሱ ነው የሚመላለሰው። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ኮንደንሰሩ ላይ ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ይሆናል፤ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ተንኖ የጋቢናውን ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ኮምፕረሰር። የተዘጋ ቤት ነው፤ ከቤቱ ከጎደለ በሆነ ቀዳዳ ወጥቷል። በርግጥ የአሮጌ መኪና ቱቦ ዕድሜ ሲጫነው ጥቂት ጥቂት ያልባል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ትንሽ ቢጎድል አልፈርድም። በሦስት ወር የሚመለስ ሾፌር ግን ቀዳዳ ይዞ ነው የሚዞረው። ቀዳዳውን ሳትፈልግ ደጋግመህ ከሞላህለት ሥራህ ጋዝ መሸጥ ሆነ እንጂ ጥገና አልሆነም።

2. አልቀዘቀዘም ማለት ሁልጊዜ አፈሰሰ ማለት አይደለም። ከሽንሌ በታች ያለው አሸዋ የኮንደንሰሩን ክንፎች እንደ ግድግዳ ሲመርግ አይቻለሁ። ሲነዳ የሚቀዘቅዝ፣ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ እዚያና ፋኑ ጋ ተመልከት። ቺንጊያውን በጣትህ ተጫን፣ ክላቹ መያዙን እይ፣ ፊውዙን እይ። ይኸ አምስት ደቂቃ ነው።

ጌጅም አያታልልህ። 25 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ብትለካ 80 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳይሃል፤ ውስጡ ሁለት መቶ ግራም ይኑር ሰባት መቶ፣ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ንባቡ ያው ነው። የቆመ መኪና ጌጅ የሚነግርህ የሙቀቱን መጠን እንጂ የጋዙን ብዛት አይደለም። የጋዝ ልክ የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ አውጥተህ ትመዝናለህ፣ መኪናው ላይ የተለጠፈውን ግራም አንብበህ መዝነህ ታስገባለህ።

3. ከመሣሪያ በፊት ዓይን። አቧራ ለድሬዳዋ ሰው ጠላቱ ነው፤ ለኤሲ ሠራተኛ ግን ወዳጁ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን ዘይት ትንሽ ትንሽ ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ደረቅ ቡናማ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ጣትህን አስነካው። መጀመሪያ ጋዝ የሚሞላባቸውን ሁለቱን ቫልቮች እይ። ውስጣቸው እንደ ጎማ መንፊያ ያለች ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ላይዋ ክዳን። ክዳኗ ከሌለች አሸዋ ገብቶ ቫልቭዋን በትክክል እንዳትዘጋ ያደርጋታል። ስንት ኮምፕረሰር በዚች በቀላል ዋጋ በምትገዛ ነገር ምክንያት ተቀይሯል መሰለህ! ቀጥሎ መገጣጠሚያዎቹን፣ ቱቦና ብረት የተጨመቁበትን ቦታ፣ የኮምፕረሰሩን አፍንጫ ከክላቹ ኋላ፣ የኮንደንሰሩን የታች ማዕዘኖች ተመልከት፤ ኮንደንሰሩ ፊት ለፊት ስለሚቆም የመንገዱ ጠጠር ሁሉ የሚያርፍበት እሱ ነው።

ታዲያ ሞተሩን አሳጥቦ የሚያመጣልህ ሾፌር አለ። ጨዋ ነው፣ አክብሮህ ነው፤ ግን ማስረጃውን አጥቦ ነው የመጣው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ለዚህኛው ቀለም ያለው ዘይት ጨምረህ ለጥቂት ቀን ልቀቀው፤ ሲመለስ ጨለማ ውስጥ ወይን ጠጅ በሆነው የዩቪ መብራት ስታየው ቀዳዳው ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ይጠራሃል።

4. ጠዋት ሥራ። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ የኛ ነው። ከዚያ በኋላ ንፋስ ይነሣል፣ ብረቱ ይግላል፣ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ ነው፤ ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ማን ይገኛል? ጋዙ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ እንደወጣ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ጋዝ ሲያገኝ የሚጮኸውን መሣሪያ፣ ማሽተቻውን፣ ከመገጣጠሚያው በላይ እያዞርክ አትልፋ፤ ከሥሩ አድርገህ ቀስ ብለህ አስኪድ። ማሽተቻ ከሌለህ ኦሞ በውኃ በጥብጠህ በብሩሽ ቀባ፤ የቀጭን ቀዳዳ አረፋ ለመነሣት ጊዜ ስለሚወስድ አትቸኩል።

እኛ ስንጀምር በእሳት ነበር የምንፈልገው። መዳብ ያለበት ትንሽ ፋኖስ ነበረን፤ ጋዝ ሲያገኝ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። ያስተማረኝ ሰው የሸሚን ደፈር፣ የባቡሩ ድርጅት፣ ልጅ ነበር። ከተማችን ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተወለደች አይደለች? የብረት ሥራን ከባቡሩ ጋራዥ ያልተማረ የድሬ ባለሙያ በኛ ጊዜ ጥቂት ነበር። ፋኖሱ ያማረ ነገር ነበር፤ ጭሱ ግን መርዝ ነው። ደግሞም የሚሠራው እንደ አሮጌው አር 12 ክሎሪን ላለበት ጋዝ ብቻ ነው፤ ለዛሬው አር 134ኤ ነበልባሉ ቀለሙን አይለውጥም። ሽማግሌ ሲያወራ ሰምተህ እንዳትሞክረው።

5. ጋቢናውን ገልብጠህም አውርደህም ፈልግ። ይኸን ነውሬን ተናግሬ ነው የማስተምርህ። አንድ የመልካ ጀብዱ ሰው ያረጀ ኤፍኤስአር ነበረው፤ በየአርባ ቀኑ ጋዙ ይጠፋል። ኦሪንጎቹን ሁሉ ቀየርኩ። ተመለሰ። ኮምፕረሰሩ ነው ብዬ ኮምፕረሰር አስገዛሁት። ተመለሰ። ድሬ ላይ ሰው አይጮህብህም፤ «አቦ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ ብቻ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ ግፊት እንዲኖር ናይትሮጅን ሞልቼ ጋቢናው እንደተገለበጠ ግማሽ ቀን ፈለግኩ፤ አንድም አረፋ የለም። ደክሞኝ ጋቢናውን አወረድኩና እጄን ልታጠብ ስሄድ ከኋላዬ «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቱቦው በጋቢናው ማጠፊያ በኩል ነበር የሚያልፈው። ጋቢናው ሲወርድ ቱቦው ይታጠፋል፣ ስንጥቁ አፉን ይከፍታል፤ ሲገለበጥ ይዘረጋል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። እኔ ደግሞ እጅ የሚገባው ሲገለበጥ ነውና ሁልጊዜ የምፈልገው ሲገለበጥ ነበር! መኪናው መንገድ ላይ የሚውለው ጋቢናው ወርዶ መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከዚያ ወዲህ ግፊት እያለ በሁለቱም አቋም እፈልጋለሁ፤ ቱቦውን በእጄ አጥፌ፣ ጠምዝዤ፣ ሻሲው ላይ የሚሻሽበትን ቦታ በመስተዋት አያለሁ። ስትገለብጥ ደግሞ የጋቢናው መደገፊያ መቆለፉን ሳታይ ራስህን ከሥር አታስገባ። የዚያን ሰው የኮምፕረሰር ገንዘብ አልመለስኩለትም፤ ይቆጨኛል።

6. ኦክስጅን አታስገባ። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይኸን አትርሳ። ናይትሮጅን ሲጠፋ «ብየዳ ቤቱ ኦክስጅን አለው፣ ያው ጋዝ ነው» የሚልህ አይጠፋም። ኦክስጅን በግፊት ዘይት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይፈነዳል፤ ኮምፕረሰሩ ደግሞ ዘይት የሞላው ነው። የጎሚስታውንም አየር አታስገባ። ርጥበት ያገባል፤ ከዚያም አልፎ አር 134ኤ ብቻውን ባይነድም ከአየር ጋር ተደባልቆ ግፊት ሲበዛበት ሊቀጣጠል ይችላል። ናይትሮጅን ብቻ፣ በግፊት መቆጣጠሪያ፣ ከ150 ፒኤስአይ ሳታሳልፍ። ናይትሮጅን ከሌለ መኪናውን አሳድረው። የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉም አሉ፤ እነሱ ጋቢና ውስጥ ቦምብ ነው የሚገጥሙት።

7. የቫኪዩም ቁጥር እንደ አገሩ ነው። መጽሐፉ 30 ኢንች ይልሃል። እውነት ነው፣ ለጅቡቲ ወደብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ ደህና ፓምፕ ቢሠራም መርፌው 26 አካባቢ ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 22 ወይም 23። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል ብለህ ያዘው። 30 አልደረሰም ብሎ ደህናውን መኪና የፈታታ፣ ፓምፑን «ተበላሸ» ብሎ የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ቢያንስ 45 ደቂቃ ሳብ፤ ከዚያ ዝጋና ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። መርፌው ወደ ዜሮ ከሮጠ ቀዳዳ አለ። ትንሽ ተመልሶ ከቆመ ርጥበት ነው፣ ርጥበት የሚመጠውን ድራየር ቀይርና እንደገና ሳብ። ምንም ካልተነቃነቀ ግን «ጨርሻለሁ» አትበል። ቫኪዩም ወደ ውስጥ የሚጎትተው ከአንድ አየር ግፊት በታች ነው፤ ሞተር ሲሠራ በድሬ ሙቀት ከ200 ፒኤስአይ በላይ ወደ ውጭ ይገፋል። ሲሳብ የሚለጠፍ ሲገፋ የሚከፈት ጎማ ብዙ ነው። ለዚህ ነው ናይትሮጅኑ ከቫኪዩሙ የሚቀድመው።

8. መኪናው ሥር ያለ ውኃ ውኃ ነው። ድሬ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ እምብዛም አይንጠባጠብም። ጅቡቲ ሲደርስ የባሕሩ ርጥበት ኢቫፖሬተሩ ላይ ጤዛ ይሆንና ከጋቢናው ሥር ይወርዳል፤ ሾፌሩ ደንግጦ ይደውልልሃል። ቅመሰው ብለህ ቀልድበት። ይልቅ የምታስበው ውኃ የሚወርድባት ቱቦ ኢቫፖሬተሩን ሳትፈታ የምትመረምርበት በር መሆኗን ነው፤ ሞተር አጥፍተህ፣ ፋን አጥፍተህ፣ ጥቂት ቆይተህ ማሽተቻውን አፏ ላይ አድርገው። ከጮኸ ቀዳዳው ጋቢና ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ዳሽቦርዱን ለመፍታት ምክንያት አለህ።

9. ዕድሜውን ጠይቅ። በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ከሆነ አር 12 ለሚባለው ጋዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ያ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ በፈረንጆቹ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ወዲህ ዓለም ቀስ በቀስ ተወው። አሮጌው ኦሪንግና አሮጌው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይስማሙም፤ ሁለቱን ጋዝ ደግሞ በፍጹም አትደባልቅ። በኤንትሬ ጭነት መኪናና በፔጆ 404 ዘመን ኤሲ ማለት መስኮት ነበር፤ ያኔ ይኸ ሁሉ ጣጣ አልነበረብንም።

10. ቀዳዳ የሚደፍን ጠርሙስ አትግዛ። ቀዳዳውን ሲደፍን ፈሳሹን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያሳልፈውን ኤክስፓንሽን ቫልቭም ሊደፍን ይችላል።

11. ለሾፌሩ አንድ ነገር አስተምር። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐሮማያ ሲደርስ ይበርደዋል፣ ኤሲውን ያጠፋል፤ አዲስ አበባ ወር ቢከርም አይነካውም። የኮምፕረሰሩን ዘንግ የምትዘጋው ጎማ የምትርሰው ኮምፕረሰሩ ሲዞር በሚመጣው ዘይት ነው። ካልዞረ ትደርቃለች፣ ከደረቀች ታፈሳለች። ብርድም ቢሆን በሳምንት አሥር ደቂቃ አብራው በለው። በኛ ከተማ አንቱ ማለት አይታወቅምና ሽማግሌም ቢሆን «አብራው» ብትለው አይቀየምህም።

12. ያ የኤፍኤስአር ሾፌር ሐሙስ ከጅቡቲ ይመለሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩን ክፈትለትና መጀመሪያ የቫልቮቹን ክዳን እይ፤ ባለፈው ስትሞላለት ከሩቅ እንዳየሁት የአንደኛው ክዳን የለም። ትርፍ ክዳን በኔ መሳቢያ፣ ከካቻቢቴዎቹ ሥር፣ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ለክዳኑ አታስከፍለው።