ልብስም ያስተምራል
(ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ ዕጩ መምህራን፣ ለወላጆቻቸውና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት)



በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚማር ወጣት ሥልጠናውን የሚፈጽመው በመጽሐፍና በፈተና ብቻ አይደለም። ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ በልምድ በበሰለ መምህር ሥር ሆኖ፣ በሕፃናት ፊት ቆሞ ማስተማርን መለማመድ አለበት። ከፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚወጣ ዕጩ መምህር ዕጣው በከተማው ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ በቡሬ፣ በጂጋ ወይም በደምበጫ፣ አለዚያም ከመኪና መንገድ ርቆ በእግር በሚደረስበት የገጠር ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ይህ ጊዜ ሲቃረብ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ልጃችን ምን ለብሶ ይሂድ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ከኋላው የቤተሰብ ገንዘብ፣ የወጣቱ ክብርና የሕፃናቱ ጤና አሉበት። አንድ የገበሬ ልጅ እንደ ከተማ ሰው ካልለበስኩ ይንቁኛል ብሎ ቢጨነቅ፣ አባቱም ለኮትና ለጫማ ሲል ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቢሸጥ፣ ልብሱ የተገዛው ከቀጣዩ ዓመት እንጀራ ላይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ዋናው ዕውቀት ነው» በሚል ሰበብ ራሱን ጥሎ የሚሄድ ዕጩ አለ። ሁለቱም ስለ ልብስ ያላቸው አስተሳሰብ ሚዛኑን የሳተ ነውና በዚህ ትምህርት ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

1. የመምህር ልብስ በአገራችን

ጎጃም የትምህርት አገር ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ለዘመናት የአገሩ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ደበሎው ድኅነቱን ብቻ አያመለክትም፤ ለትምህርት ሲል ከቤቱ የወጣ መሆኑንም ይናገራል። ያየው ሁሉ ማንነቱን ያውቃል፤ ቁራሽ ለመስጠትም አያመነታም። መምህሩ ደግሞ በነጭ ኩታውና በጥምጥሙ ይለያል። ስለዚህ ልብስ አንድ ሰው ምን ሊያደርግ እንደ መጣ አስቀድሞ የሚናገር መሆኑን አገራችን ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ታውቀዋለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው የማንኩሳውን ልጅ በዛብህን የሰብለ ወንጌል አስተማሪ አድርገው ሲሥሉት፣ ለአንባቢው ሁሉ የሚታወቅ የዚህ አገር ወጣት መምህር መልክ ሰጡን።

ከጎጃም የተነሡት ሊቅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልና መምህራቸው ቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያዕቆቢስም ለዚህ ጉዳይ ትምህርት ይሰጡናል። ቅዱስ ዩስቲኖስ በ1832 ዓ.ም. ከጣሊያን ወደ አገራችን ሲመጡ የባሕር ማዶውን ልብስ ትተው እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ የሕዝቡን ምግብ ተመገቡ። ልብሱን የቀየሩት ራሳቸውን ለመደበቅ አልነበረም፤ ልብሳቸው በእርሳቸውና በሚያስተምሩት ሕዝብ መካከል እንደ አጥር እንዳይቆም ነው። አበው «እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ግቢ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ ኮትና ከረባት የመምህር ምልክት እየሆኑ መጡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየወጡ እንዲያስተምሩ በተደረገ ጊዜ፣ ብዙ የገጠር ከተማ የዩኒቨርሲቲን ወጣት በቅርብ ያየው በእነርሱ ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ተቃውመው ሁከት ተነሣ። በድኻ አገር የተማረ ሰው ምን ሊለብስ ይገባዋል? ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን የማን ነው? ተማሪዎቹ ያነሡት ይህ ክርክር ዛሬም አላበቃም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲወጡም ገበሬው ከንግግራቸው በፊት ያየው አለባበሳቸውን ነበር።

2. አራት መመዘኛዎች

ለዕጩ መምህር የሚስማማውን ልብስ ለመምረጥ አራት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበቃል።

ሀ. ንጹሕ ነውን? ንጽሕና ከአዲስነት ይለያል። ሁለት ሙሉ ልብስ ያለውና እያፈራረቀ የሚያጥብ፣ አሥር ልብስ ኖሮት ከማያጥበው ይልቅ በተማሪዎቹ ፊት ይከበራል። የተቀደደ ቢሰፋ፣ የወለቀ ቁልፍ ቢተከል ነውር የለበትም። እንዲያውም የተጣፈ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሕፃን መምህሩን አይቶ አያፍርም። በገበያ የሚገኘው ልባሽ ጨርቅም ቢሆን በደንብ ታጥቦ፣ በልብስ ሰፊ እጅ በልክ ከተስተካከለ ለሥራው በቂ ነው።

ለ. ለሥራው ይመቻልን? መምህር ቀኑን ሙሉ ይቆማል፤ እጁን ዘርግቶ በሰሌዳው አናት ላይ ይጽፋል፤ ጎንበስ ብሎ የሕፃኑን ደብተር ያያል። ስለዚህ ልብሱን በገዛበት ዕለት በቤቱ ይፈትነው። እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ሸሚዙ ወገቡን ያጋልጣል? ጎንበስ ስትል አንገቱ ይከፈታል? በዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ ቀሚሱ ያጥራል? ያለ ሐሳብ መጻፍና መንቀሳቀስ ካልተቻለ ልብሱ ምንም ቢያምር ለክፍል አይሆንም። ነጠላ በሰሌዳ ፊት ከትከሻ እየወረደ እጅን ይይዛል፤ በሚገባ ካልታሰረ ለበዓል ቀን ቢቆይ ይሻላል። የጠመኔ ብናኝ ጥቁር ልብስን ቶሎ ያበላሻል። መምህራን ነጭ ጋዋን የሚደርቡትም ለዚህ ነው። ጋዋን ሌላም ጥቅም አለው፤ የሀብታሙንና የድኻውን መምህር ልብስ እኩል ይሸፍናል። አቅሙ ውስን የሆነ ዕጩ ከሁለተኛ ኮት ይልቅ አንድ ጋዋን ቢያሰፋ ብልህነት ነው።

ሐ. ከአካባቢው ጋር ይስማማልን? ይህ መመዘኛ ስለ አየሩም ስለ ሰዉም ነው። የትምህርት ዓመት በመስከረም ሲከፈት የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ማለዳ ብርድ ነው፤ በበጋ አቧራው ይነሣል። ወደ ሰከላና ወደ ደጋ ዳሞት የሚመደብ ሹራብና ጋቢ ሳይዝ አይሂድ፤ ከቡሬ ወደ አባይ ሸለቆ ቁልቁል ለሚወርድ ግን ስስ የጥጥ ልብስ ይሻለዋል። ሰዉን በተመለከተ፣ የገጠሩ ወላጅ መምህሩን የሚያየው በክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። በገበያ፣ በለቅሶ ቤትና በውኃ መውረጃ መንገድም ያየዋል። ስለዚህ ዕጩው በደረሰ በመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩን ወይም ነባር መምህራንን «እዚህ ምን ይለበሳል?» ብሎ ይጠይቅ። በተለይ ሴት ዕጩዎች ይህንን ከነባር ሴት መምህራን ቢጠይቁ ብዙ ችግር ይድናል። በሃይማኖቷ ሥርዓት ፀጉሯን የምትሸፍን ሙስሊም እኅታችን በመካከላችን ስታስተምር ልብሷን እንደ መራራቅ አንየው፤ የራሳችን እናቶችም ነጠላቸውን ተከናንበው ነው የሚውሉት።

ከዚህ ጋር አንድ የጥንቃቄ ቃል መጨመር አስፈላጊ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ባሳለፈው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርት አቋርጠዋል፤ ሰላማዊ ሰዎችም ተጎድተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወታደራዊ መልክ ያለው ጃኬት፣ ሱሪ ወይም ኮፍያ ለመምህር አይገባም። ርካሽና ጠንካራ መስሎ በገበያ ቢገኝም ለባሹን አደጋ ላይ ሊጥል፣ ያስደነገጠውንም ሕፃን ሊያሸሽ ይችላል። መምህር ከሩቅ ሲታይ መምህር መሆኑ የሚታወቅ ይሁን።

መ. በአቅም ነውን? ዕጩ መምህር ገና ደመወዝተኛ አይደለም። በብድር የተገዛ ልብስ ለባሹን ያስጨንቃል እንጂ አያስከብረውም። የሚበቃው ይህ ነው፦ ሁለት ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ጋዋንና አንድ ጠንካራ ሽፍን ጫማ። ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለቤት ኪራይ፣ ለስንቅና ለማስተማሪያ መሣሪያ መሥሪያ ወረቀት ይዋል።

3. ስለ ጫማ

በዚህ አገር ከልብስ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ጫማ ነው። ምክንያቱም በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት የብዙ ገበሬ ቤተሰብ መከራ ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ በዚህ ሕመም መያዛቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በመላው አገሪቱ በተደረገው ጥናትም ሕመሙ በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ ታውቋል።

የሕመሙን ምክንያት ለመረዳት ከደከሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ አልፈው ይገባሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ከሰውነት ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች እያቆሰሉ ይዘጓቸዋል፤ እግርም ያብጣል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም ቡዳም አይደለም። በአንዳንድ ቤተሰብ የሚበዛው ሰውነታቸው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ ነው። ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን ዘወትር በውኃና በሳሙና በመታጠብ ግን መከላከል ይቻላል። ሕመሙ የጀመረውም ሰው እግሩን በሚገባ ቢታጠብና ጫማ ቢያደርግ ይሻለዋል።

እንግዲህ የመምህር ጫማ የማጌጥ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እንረዳ። በቀይ አፈር አገር ሽፍን ጫማ አድርጎ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ማታ እግሩን ታጥቦ የሚያድር መምህር ያለ ቃል ያስተምራል። ሸበጥ ከባዶ እግር ቢሻልም አፈሩን አይከላከልም፤ ለመንገድም ለክፍልም ሽፍን ጫማ ይመረጥ። ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ በባዶ እግሩ የመጣውን ሕፃን «ጫማ ሳታደርግ አትምጣ» ብሎ ከክፍል አያስወጣው። ሕፃኑ ባዶ እግሩን የመጣው ወዶ አይደለም። ከክፍል የወጣ ልጅ ጫማም ትምህርትም ያጣል። ይልቅስ በግቢው የእግር መታጠቢያ ውኃና ሳሙና እንዲኖር መጣር፣ ከወላጅ ጋር መነጋገር፣ አቅም ላነሰው የሚሆን ጫማ በኅብረት መፈለግ ይገባል። እግሩ ያበጠ ተማሪ ወይም ወላጅ ሲገኝም ሌሎች እንዳይሸሹት አስቀድሞ አጠገቡ የሚቀመጥ መምህሩ ይሁን።

4. ልብስ የማይሠራው ሥራ

ልብስ በር ይከፍታል፤ ከበሩ በኋላ ያለውን ግን አይሠራም። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎች የመምህሩን ኮት ያያሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ስማቸውን ማወቁን፣ ተዘጋጅቶ መምጣቱን፣ ለሁሉም እኩል መሆኑን ያያሉ። የልምምድ ወራቱ ሲያልቁ የሚያስታውሱትም ይህንን ነው። በሌላ ወገን ዕጩውን የሚገመግሙ ሁሉ ድኅነትን ከግድየለሽነት ይለዩ። ያረጀ ግን የታጠበ ሸሚዝ የለበሰውን ወጣት በሰው ፊት መውቀስ የሙያ ምክር አይባልም። ምክር ካለ ለብቻው፣ በለዘበ ቃል ይነገረው።

በቁምስናዎቻችን ያሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህንኑ ትምህርት ለራሳቸው ይውሰዱት። እሑድ በሕፃናት ፊት የሚቆም ሁሉ የሚታይ ነውና። ምእመናንም ከመካከላቸው ለልምምድ የሚወጣ ወጣት ሲኖር ዝም ብለው አይመልከቱት። አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው የመስፊያውን ዋጋ፣ ሌላው ጫማውን ቢችለው አባት ለዘር ያስቀመጠውን እህል መሸጥ አይኖርበትም፤ ልጁም ተበድሮ ከሚገዛው ኮት ይልቅ ወገኖቹ ባለበሱት ጋዋን በኩራት ይቆማል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ሰው መምህርን በምን ያከብረዋል? ከእነዚህ መካከል ልብስ ስንተኛ ነው?
2. ልጃችን ለልምምድ ሲወጣ በእውነት የሚያስፈልገው ልብስ የትኛው ነው? ለሰው ዓይን ሲባል ብቻ የሚገዛውስ?
3. በባዶ እግራቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ስንት ሕፃናት እናውቃለን? ቁምስናችን ምን ሊያደርግ ይችላል?
4. እግሩ ያበጠ ጎረቤታችንን በለቅሶና በማኅበር እንዴት እንቀበለዋለን?